ወይራ ያልነካው ወተት

የሹ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል። ሞጣ ላይ «ያች የቢቸናዋ አስተማሪ እኅቷን በፈረንጅ ዱቄት ገደለቻት» ይባላል አሉ። ሐሰት ነው። እኔ አንቺን አልገደልሁም። እኔ የገደልሁት ዱቄቱን ነው። ከአምስቱ እሽግ አራቱን በገዛ እጄ ገድያለሁ፤ የአምስተኛውን ፍሬ ደግሞ በአርባሽ ቀን፣ ሕያው ሆኖ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እያየ አጥር ሥር ደፍቼዋለሁ። ወሬኛ ማውራቱ ካልቀረ ልክ ልኩን ያውራ።

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። በስምንቱ ወር ያለቀስሁት ጥቂት ነው፤ የተቆጣሁት ግን ብዙ ነው። ከማንም በላይ የተቆጣሁት አንቺን ነው። ሰዎች «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ይሉኛል። እኔ ግን በቁምሽ ልወቅስሽ የሚገባኝን ስለደበቅሽኝ፣ አሁን ብወቅስሽ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

የቤቱን ወሬ በአጭሩ ልንገርሽ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ትቷል። የፊት ለፊቱን ክፍል ቀበሌው ለንባብ ቤት ብሎ ወስዶታል፤ ወንበሮቹን እንዳገኙ ጥለዋቸው ስለሚሄዱ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ በመስመር እደረድራለሁ። ሊቀ መንበሩ «እማማ፣ አብዮቱ ወንበር አይቆጥርም» አለኝ። እኔም «ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንዱ የሚጠፋው» አልሁት። ብትኖሪ ትስቂ ነበር። አንቺ በሁሉም ትስቂ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ልጅሽ ደምስ ከሚማርበት ከሶቭየት አገር በጓደኛው እጅ ያችን ፖስታ የላከ ጊዜ፣ ጨጓራሽ እህል እምቢ ካለ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እኔ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ከቢቸና ሞጣ የደረስሁትም አንቺን ላስታምም ነው። ፖስታው ውስጥ አምስት ትንንሽ የወረቀት እሽጎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነጭ ዱቄት አለ። በላዩ የተጻፈው በእነሱ ፊደል ስለሆነ ማናችንም አላነበብነውም። የልጅሽን ደብዳቤ ግን እኔ ጮክ ብዬ አነበብሁላችሁ። ይህ ኬፊር የሚባል የወተት እርሾ ነው፤ እዚህ አገር ሆዱን የታመመ ሁሉ ይጠጣዋል። ወተቱን አፍሉና ለብ እስኪል አብርዱት። አንዱን እሽግ ጨምራችሁ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳታነቃንቁ ተዉት። ሲረጋ ጠጡትና ጥቂት አስቀርታችሁ ለሚቀጥለው ወተት እርሾ አድርጉት። ይኸው ነው። ስለ ዕቃው አንድ ቃል አልጻፈም። እኛም አልጠየቅንም። የወተት ዕቃ በወይራ መታጠን አለበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአገራችን ማን አለ?

ሃያ ስድስት ዓመት ለሴት ልጆች ባልትና አስተምሬአለሁ። ጓዳው የኔ ነው ብዬ ልጅሽን ስመኝን ገፍቼ አስወጣሁ። ቅሉን በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ከዚያ የወይራውን ፍም ከትቼ፣ አፉን ከድኜ፣ ዓይኔ እስኪያነባ አጠንሁት። ወተቱን አፈላሁ፣ አበረድሁ፣ በእጄ አንጓ ለካሁ፣ ዱቄቱን ጨመርሁ፣ ቅሉን በጋቢ ጠቀለልሁት። በማግስቱ ብከፍተው ወተቱ ያው ወተት ነው፤ የጨመረው ነገር ቢኖር የጭስ ሽታ ነው።

ምን አሰብሁ? ዕቃው አልጠራም ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ለሁለተኛው እሽግ አጥብቄ አጠንሁት። እሱም ሳይረጋ ቀርቶ ውኃው ለብቻው ወጣ፣ መረረም። ለሦስተኛው ከበፊቱ ይልቅ አብዝቼ አጠንሁ። ለአራተኛው ማታም አጠንሁ፣ ጠዋትም አጠንሁ። እርሾው ነፍስ ያለው ነገር እንደሆነ፣ የወይራ ጭስ ክፉውን ተዋሲያን እንደሚገድል ሁሉ ደጉንም እንደሚገድል፣ እኔ ለልጆች በሰሌዳ ላይ «ጭስ ተዋሲያንን ይገድላል» ብዬ የጻፍሁት ሴትዮ፣ አንድም ጊዜ በአእምሮዬ አልመጣልኝም። ተሳሳትሁ። ይህን የምጽፈው ለማንም ሳይሆን ላንቺ ነው፤ ግን ጽፌዋለሁ።

አንቺስ? አንቺ አራቱንም ጠጣሽ። መራራውን ጠጣሽ፣ ውኃ ያቀረረውን ጠጣሽ። አራተኛውን ከጨረስሽ በኋላ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ «እትየ፣ ይኸኛውስ ግሩም ነው፤ ሆዴን ዳበሰልኝ» አልሽኝ። እኔም አመንሁሽ። ተደስቼ ቢቸና ተመለስሁ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ ሰሌዳ አስመጥቼ፣ የኬፊርን አሠራር አስተማርሁ። አንደኛ፣ ቅሉን አጥብቆ ማጠን ብዬ ጻፍሁ። ሃያ ሴት ቀዳችው። አንቺ ሞጣ ላይ ተኝተሽ እየሳቅሽ እኔ እዚህ ሃያ ሴት አሳሳትሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት አንቺ ከሞትሽ ወዲያ ነው። እኔ እንደሄድሁ ስመኝ አምስተኛውን እሽግ ከሣጥን አወጣች። የደምስ ጓደኛ ካመጣላችሁ የማርማላታ ጠርሙስ አንዱን በፈላ ውኃ ብቻ አጠበችው። ወይራ አላስነካችውም። በማግስቱ ረጋ። ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ አረፋ ያለው፣ እንደ ሙጫ የሚሳብ ነገር ሆነ አሉ። ያን ጠጥተሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ግማሽ እንጀራ በላሽ። ሁዳዴ ሲገባ፣ ወተት በማይጠጣበት ቤት እርሾው እንዳይሞት፣ ለጎረቤትሽ ለዘሀራ አደራ ሰጠሽ። እሷ እስላም ናት፣ በኛ ጾም ወተቷ አይቋረጥም። ሃምሳ አምስቱን ቀን አኑራልሽ ለፋሲካ መለሰችልሽ። ይህን ዘዴ ያሰብሽው አንቺ ነሽ አሉ። ጎበዝ። ለሁሉም ዘዴ ነበረሽ፤ እኔን እውነት ለመንገር ብቻ ዘዴ አጣሽ።

ከፋሲካ በኋላ ልጠይቅሽ ስመጣ ጠርሙሱን ከጎታው ጀርባ ደበቃችሁት። በኔ በታጠነው ቅል ተራ እርጎ አምጥታችሁ «ኬፊሩ ይኸው» አላችሁኝ። ቀመስሁት። «አያችሁ? ዋናው ማጠኑ ነው» ብዬ አስረዳኋችሁ። አንቺ አንገትሽን ነቀነቅሽ፤ ከዚያ ስመኝን አየት አደረግሻትና አሳለሽ። ያን ጊዜ ጉንፋን መስሎኝ ትከሻሽ ላይ ጋቢ ደረብሁልሽ። ሳቅሽን የምትውጪበት ሳል እንደነበረ ዛሬ ገብቶኛል።

በግንቦት መጨረሻ ሞትሽ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን በሽታው ጨጓራ ብቻ አልነበረም፤ ወተት የሚያድነውም አልነበረም። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ዱቄቱን እየቆጠብሁ እሽግ ከእሽግ ሳምንት ሳቆይ፣ ያ አራት እሽግ እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ሄዷል። አምስት ሳምንት ሙሉ ሆድሽ ባዶ እያደረ የኔን ጭስ ጠጣሽ። በመጀመሪያው ሳምንት «እትየ፣ ይህ ነገር አልሠራም፤ ዕቃውን እንለውጠው» ብትይኝ አራት ሳምንት እህል ትቀምሺ ነበር። አንድ አፍ አጥተሽ ነው?

በአርባሽ ቀን ወደ ጓዳ የገባሁት ማሰሮዎቹ መከደናቸውን ለማየት ነው። ያን ጠርሙስ አገኘሁት። ያልታጠነ፣ አረፋ የደፈቀ፣ የሚኮመጥጥ ወተት! ደሜ ፈላ። ይዤው ወጣሁና በካህናቱና በለቀስተኛው ፊት «እኅቴን የገደላት ይህ ቆሻሻ ነው!» አልሁ። አጥሩ ሥር ደፋሁት። እንግዲህ ዛሬ የሚናፈሰውን ወሬ የዘራሁት እኔው ነኝ። ሰው የሰማው «ገደላት» የሚለውን ነው፤ ዱቄቱን ማን በጠበጠ ብሎ ሲጠያየቅ ወደኔ መጣ።

ስመኝን ታውቂያታለሽ፤ በዕድሜዋ ለኔ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ባዶውን ጠርሙስ ከእጄ ተቀበለችና፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «እትየ፣ እማየን ያበላት እሱ ነው። የርስዎ አንድም ቀን ረግቶ አያውቅም። ጭሱ ገድሎታል። እማየ፣ አትንገሪያት ትሰበራለች ብላ አስምላኝ ነው» አለችኝ።

እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እሷም አልመጣች፣ እኔም አልሄድሁ።

ትሰበራለች! ማን ነው የሸክላ ዕቃ ያደረገኝ? አባታችን ለተሳሳትሁት ለእያንዳንዱ ፊደል መዳፌን በአለንጋ ሲመታኝ አልተሰበርሁም። ደብረ ማርቆስ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዋ እመቤት ጥፍሬን ስታይ፣ የአልጋዬን ጠርዝ በማስመሪያ ስትለካ አልተሰበርሁም። አንቺ ግን የመጨረሻ ልጅ ነሽ፣ አለንጋም ማስመሪያም አልቀመስሽም፤ እውነት ሰውን የሚሰብር ይመስልሽ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት መጥቼ፣ ከደብተሬ እያነበብሁ የሠራሁትን ወጥ ታስታውሻለሽ? ጨው ረስቼ ነበር። አባባ አንድ ጉርሻ ጎርሶ «ይህ የታጠበ ምስር ነው» አለ። አንቺ ግን ሳህኑን ጠርገሽ በልተሽ «እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም» አልሽ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመትሽ ነበር። በአርባ ስምንት ዓመትሽም ያው ነሽ። ያኔ የበላሽው ጨው የሌለው ምስር ነው፤ ኋላ የጠጣሽው ግን ሕይወትሽን ነው።

ስንቱን ልጅ ስሕተቱን ቆሞ እንዲናገር አድርጌአለሁ። የኔን ስሕተት ቆሞ የነገረኝ ግን የለም። ማን ይደፍርሽ ነበር ትይኝ ይሆናል። በይ። እውነትሽን ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ትናንት ዘሀራ ለቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይዛ ቢቸና መጥታ ነበር። ቤቴ ገብታ ቁጭ እንኳ ሳትል «ስሙኝ እስቲ፣ ሞጣ ምን እንደሚሉዎት ያውቃሉ?» ብላ ወሬውን ዘረገፈችልኝ። ከዚያ ያላሰብሁትን ነገረችኝ። «የየሻረግ ወተት እስካሁን እቤቴ አለ። የፋሲካ ለት ግማሹን መልሼ ግማሹን ለልጆቼ አስቀርቼው ነው። ስመኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። ለቤትሽ ውሰጂ ስላት፣ አክስቴ መጥታ ትደፋዋለች አለችኝ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ባሕር ዳር የሥራ ዝውውር ደርሷታል። በአሥራ አምስት ቀን ቤቱን ዘግታ መሄዷ ነው። እርስዎ ኮርተው፣ እሷ ፈርታ ዝም አላችሁ። የሚያወራው ወሬው ብቻ ሆነ» አለችኝ። ጨርቋን ተሸክማ ወጣች።

ደምስ በባሕር ማዶ ነው። አንቺ በመቃብር። ከሥጋዬ በዚህ አገር የቀረችኝ ይህች ልጅ ናት፤ እሷም እንደ እናቷ ፈርታኝ፣ ዝም ብላኝ ልትሄድ ነው። አንቺን ዝም አስብዬ ቀበርሁሽ። እሷን ዝም እንዳለች አልሸኛትም።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና ነኝ። ነገር ግን እረሳሻለሁ ብለሽ አትስጊ። ካህናቱ በፍታቱ እንዳሉሽ ትዕግሥተኛና ቅን አድርጌ ብቻ አላስብሽም። ውሸታሚቱን፣ ሳቋን በሳል የምትደብቀውን፣ መራራ ጠጥታ ግሩም ነው የምትለውን የሹን አስባለሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ እየተቆጣሁ አስብሻለሁ። ከማንም ጋር እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገ በሁለት ሰዓት ቀበሌው ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነኝ፤ የይለፍ ወረቀቴን አወጣለሁ። የሴቶቹን ሰብሳቢ እዚያው አገኛታለሁ፤ በሰሌዳ ያጻፍኋችሁ አንደኛው ተራ ስሕተት ነው፣ ሰርዙት እላታለሁ። ከዚያ ወደ ሞጣ የሚሄደውን መኪና እሳፈራለሁ። ግንደወይን ላይ ሲቆም አልወርድም፤ ከወረድሁ እመለሳለሁና። ሞጣ ስደርስ የሰፈሩን ሴቶች ከየደጃፋቸው እጠራለሁ፤ በሰው ፊት የተናገርሁትን በሰው ፊት አነሣለሁ። ስመኝን ጓዳሽ አስገቢኝ እላታለሁ። እጄን አጣጥፌ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ከዘሀራ ቤት አምጥታ፣ በፈለገችው ዕቃ፣ በፈለገችው መንገድ ስታረጋው አያለሁ። የረጋውን በማግስቱ እጠጣለሁ። ጠርሙሱ በምን እንደ ታጠበ አልጠይቅም።

እኅትሽ አጸደ