ከጀልባሽ ወለል ያወጣሁት አረፋ

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ደህንነትሽን በእማዬ በኩል ብቻ ስጠይቅ ኖሬ አሁን አንቺኑ መጠየቁ ከበደኝ። ደክሞኛል እታለም። ያደከመኝ ሥራው አይደለም፣ ሥራውንስ ለምጄዋለሁ። አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ መዞሩ ነው።

ሐይቁ ላይ ሰው ከዳር ዳር ታመላልሺባት የነበረችው ያቺ ፈጣን ጀልባ፣ ከአደጋው ወዲህ ወርክሾፓችን ጓሮ ሸራ ለብሳ ነበር የተቀመጠችው። ባለፈው ሳምንት የጀልባ ማኅበሩ ሰብሳቢ መጥቶ “ጠግናትና ወደ ሥራ ትመለስ” አለኝ። ሸራውን ገልጬ ገባሁ። የኋለኛውን የወለል ክዳን አነሳሁና ያኔ በእጄ የለጠፍኩትን የጥልቀት መለኪያ ሴንሰር በመሮ ፈልቅቄ አወጣሁት። ከሥሩ፣ ከሙጫው መሀል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል የአየር አረፋ ነበረ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለውም። እኔ ግን መሮውን አስቀምጬ እዚያው ተቀመጥኩ።

ከውስጥ ለጥፍልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። “ውጪ የተሰቀለው ስፈጥን ይጠፋብኛል፤ ውሃው ያምሰዋል” ብለሽ። ልክ ነበርሽ። ሴንሰሩ ጥልቀቱን የሚለካው ድምፅ ወደ ታች ልኮ ነው፤ ድምፁ የወለሉን ወፍራም ፋይበር ግላስ አልፎ ይሄዳል፤ የሚያቅተው አየር ነው። ለዚህ ነው ወለሉ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፈገው፣ ሙጫው በትንሽ በትንሹ የሚበጠበጠው፣ ሴንሰሩም አየሩ እስኪወጣ ድረስ እየተጫኑ የሚያዞሩት። ይህን ለሰው ሳስተምርማ ማን ያህለኛል።

ያን ቀን ግን ኳስ ነበረ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ጨዋታው እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሙጫውን በሙሉ በአንድ ጣሳ በጠበጥኩት። በሙቀት እንዲያ አይደረግም። እጄ ላይ ጋለ፣ መጠንከርም ጀመረ። እንደምንም አፍስሼ፣ ሴንሰሩን ደፋሁበትና በመዳፌ መታ መታ አድርጌ ሮጥኩ። በማግስቱ ጀልባዋ እንደታሰረች ስንከፍተው ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

“በፍጥነት ነድተን አንሞክረውም?” አልሽኝ።

“አንቺ ደግሞ ነገር ማብዛት ትወጃለሽ። ይሠራል አልኩሽ እኮ።”

ሳቅሽና አመንሽኝ። ቆማ እያለችማ ይሠራል። ስትፈጥን ግን በአረፋው የደከመው ድምፅ ይቋረጥና፣ ዕቃው መጨረሻ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ስክሪኑ ስድስት ሜትር እያለሽ ነው አሸዋው ላይ የወጣሽው። አሳፍረሻት የነበረችው ነርስ ክንዷ ተሰበረ። ከዚያ ማኅበሩ ሁለታችንንም ወደ ቢሮው ጠራን።

“ስድስት ሜትር ውሃ ውስጥ አሸዋው ከየት መጣ? ስክሪኑን አላየሽም፣ በቃ” አለሽ ሰብሳቢው። “አይቻለሁ፣ ስድስት ነው የሚለው” እያልሽ ወደ እኔ ዞርሽ። እሱም ዞረና “በደንብ ተገጥሟል?” ብሎ ጠየቀኝ። “በሚገባ” አልኩ። ያኔም ጠርጥሬ ነበር እታለም። የጋለው ጣሳ ትዝ ብሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ያንን ክዳን ያልከፈትኩት እንዳላይ ብዬ ነው። አንቺ በመጨረሻ “ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል” ብለሽ የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ያቺን “ምናልባት” አፍሽ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ። ከኋላሽ ተከትዬ መውጣት እንኳን አቃተኝ።

አዲሱን ሴንሰር እንደ ደንቡ ገጠምኩት። መጀመሪያ ውሃ የተሞላ ፌስታል ወለሉ ላይ አድርጌ፣ ሴንሰሩን በላዩ ይዤ ድምፁ በዚያ ቦታ ማለፉን ፈተንኩ። ሙጫውን በጠዋቱ ቅዝቃዜ በጠበጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ ማንም እንዳይነካው ከልክዬ፣ ትናንት ከሰብሳቢው ጋር ባላት ፍጥነት ነዳናት። ቁጥሩ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰብሳቢው ደስ ብሎት “እህትህ ያኔ ይህን አይታ ቢሆን ኖሮ” አለኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት።

“አይታለች። የተበላሸው የእኔ ሥራ ነው” አልኩትና አረፋ ያለበትን የሙጫ ስባሪ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። እያገላበጠ አየው። “ሦስት ዓመት?” አለ። ቀጥሎ “ጽፈህ ፈርም” አለኝ። ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። እዚህ ሥራ ላይ እቆይ አልቆይ ገና አልታወቀም፤ አያሳስበኝም ብልሽ ውሸት ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ “እህትህ አሁን በምትሠራበት ጨርቅ ቤት አንዷን ሜትር ሦስት ጊዜ ለክታ ነው የምትቆርጠው። ደንበኛ ሰልችቶት ጥሏት ይሄዳል። ዓይኔን አላምነውም ትለኛለች” አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር። እማዬ ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው። “መጀመሪያ ለእሷ ጻፍላት፣ ከዚያ ትበላለህ።” ስለዚህ በባዶ ሆዴ ነው የምጽፍልሽ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም። ሰብሳቢው ጀልባዋን ከፈለገች ትምጣ ብሏል። መምጣቱንም መቅረቱንም አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ በዚህ ላይ ቃል የለኝም። ደብዳቤዬ በደረሰሽ ቀን ግን የመጀመሪያው ደንበኛ ገብቶ ጨርቅ ሲጠይቅሽ፣ አንዴ ለክተሽ ቁረጪ። ዓይንሽ ደህና ነው።

የበደለሽ ታናሽ ወንድምሽ