የአባባ ተራ ማክሰኞ ነው

ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ ወንድም ጋሼ? ሰውነትህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ያ የጀመረህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ክፉ እንግዳ አልሄድም አለህ? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? እኛ በጤና በኩል ፈጣሪ ይመስገን፣ አልጋ ላይ የሚያውል ነገር የለብንም። እማዬ ጉልበቷን እየረገመችም ቢሆን ደረጃውን ትወጣለች። አባባም ደኅና ናቸው። ደኅና ናቸው ስልህ ግን ትኩሳት የላቸውም ማለቴ ነው። በስልክ ስትጠይቀኝ የማልነግርህ አጠገቤ ተቀምጠው ስለሚሰሙ ነው፤ ዛሬ በጽሑፍ ልተንፍሰው።

የመዋኛ ገንዳው ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለገንዳው ሠራተኛ የሚከፍለው በጀት እንደሌለውና ነዋሪው በነፃ ካላስተዳደረው እንደሚዘጋው በሩ ላይ ለጠፈ። ሰፈሩ ተንጫጫ። ልጆቹ የት ይዋኙ፣ አሮጊቶቹስ ወገባቸውን የት ያፍታቱ ተባለና ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡት መምህርታችን ናቸው፤ አንተን ማባዛት ያስተማሩህ። እሳቸው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሸክሙ እንጀራው የሆነ ሰውስ አለችኝ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አለማጨብጨብ ያስጠምዳል።

አባባን ማንም አልጠላቸውም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ውሃውን ሲያጣሩ፣ ዳር ዳሩን ሲጠርጉ፣ ልጆች ወደ ጥልቁ እንዳይሄዱ ሲያፏጩ የኖሩ ሰው ናቸውና አሁንስ ይረፉ አሏቸው። ቁልፉን በጭብጨባ ተቀበሏቸው፤ ጀርባው ላይ በጎ ፈቃደኛ የሚል ቢጫ ሰደርያ አለበሷቸው። ከዚያ እንደማንኛውም ጎረቤት በሳምንት አንድ ተራ ሰጧቸው፤ ማክሰኞ። ደመወዙስ ይቅር፣ አንተ አለህልን። አባባ ግን ረቡዕም እንደ ልማዳቸው በማለዳ ተነሥተው፣ ፂማቸውን ተላጭተው ሄዱ። ባለተራው ፀጉር አስተካካያችን ነበር። ክንዳቸውን ይዞ፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን አይደለም፣ አይድከሙ እያለ እስከ ቤት ሸኛቸው። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለህ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ አባባ ማንም ሳይመጣ በጓሮ በር ገብተው፣ ውሃው ላይ ያደረውን ቅጠል ሁሉ በመረቡ ለቅመው ጨረሱ። የሐሙሷ ባለተራ መድኃኒት ሻጯ ስትመጣ የምትሠራው አጣች። እኔን አላመኑኝም ማለት ነው ብላ አለቀሰች። ለካ ሰው በነፃ ሲሠራ ሆደ ባሻ ይሆናል፤ ደመወዝተኛ ቢሆን ሥራዬን ሠሩልኝ ብሎ ደስ ባለው። መምህርታችን ሰው እንዳይቀያየም ብለው ደንብ አወጡ፤ ከባለተራው በቀር መረቡን ማንም አይነካም። ደንቡ ስለ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ይሉኝታ ይዞት ግን ማንም ስማቸውን አላነሣም።

እማዬ አባባን ማታ ማታ ልታስረዳቸው ትሞክራለች፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። እኔም ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ላመለክት ተነሣሁ። ኃላፊው የሰፈሬን ስም ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። እናንተ እኮ ምሳሌ ሆናችኋል፣ የኳስ ሜዳውንና ቤተ መጻሕፍቱንም በዚሁ መንገድ ልናስረክብ ነው አለኝ። የመጣሁበትን ሳልናገር ተመስግኜ ወጣሁ። ወንድም ጋሼ፣ ክፉዎች ቢሆኑ እኮ እጣላቸው ነበር። ደግ ሰውን ምን ብለው ይጣሉታል? የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌቴን እየተውኩ ቲኬት ልቆርጥ ተመዘገብኩ፤ አባባ ሲመጡ ቢያንስ የልጃቸው ፊት ይቀበላቸው ብዬ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የባሰውን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ መጡ። ሰደርያውን አልለበሱም፤ ፎጣ በብብታቸው ይዘዋል። እንደ ሰው ተሰልፈው መስኮቷ ጋ ሲደርሱ ሳንቲሙን አስቀመጡና፣ ልጃቸው እንዳልሆንኩ ሁሉ፣ "አንድ አዋቂ" አሉኝ። አባባ ዋና እንደማይችሉ ታውቃለህ። እኛን ሲያስተምሩን እንኳ ዳር ቆመው በፉጨት ነበር፤ ውሃ ይፈራሉ። አባባ ምን ሊሆኑ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። ቆረጥኩላቸው።

ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ ሮጬ ስገባ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ ቆመዋል። ልጆች በዙሪያቸው ይንቦራጨቃሉ። በአንድ እጃቸው የዳሩን ብረት ጨብጠዋል። በሌላው በአጠገባቸው የሚያልፈውን ቅጠል አንድ በአንድ እየለቀሙ ዳር ላይ ያስቀምጣሉ። መረቡን አልነኩም። መምህርታችን መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን እናድርጋቸው ልጄ አሉኝ። ከፍለው የገቡ ሰው ናቸው፣ ይተዉዋቸው አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከፍለው ይገባሉ፤ የራሳቸው ተራ የሆነ ዕለት ብቻ አይሄዱም። አንተ የበኩር ልጅ ነህ፣ ቃልህን ይሰማሉ። ምን ልበላቸው? አንተም የምትለው ካጣህ አልፈርድብህም። ዛሬም ተመልሰው መስኮቴ ፊት ይቆማሉ፤ እኔም እቆርጥላቸዋለሁ።

ለባለቤትህ እንደ እህት እንደምትናፍቀኝ ንገርልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ካመለጠህ አባረህ ሳመው። እማዬ በርታ፣ ብርድ እንዳይመታህ ትላለች። አባባ ይህን ደብዳቤ አያውቁም፤ ሰላምታቸውን ግን ሰርቄ ልኬልሃለሁ።

የምትወድህ እህትህ

ከወላጆችህ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ
ሐምሌ ፲፱ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገንዳው ሳይከፈት