ነፍስ በሙጫ አትለጠፍም

ውድ አባባ፣

ገዳሪፍ አፈር ውስጥ ካሳረፍንህ ሃያ ስድስት ክረምት አለፈ። መቃብርህ ላይ ስምህን የጻፍኩበትን ጣውላ ምስጥ እየበላው ሁለት ጊዜ ለወጥኩት፤ ሦስተኛውን ከብረት አሠራሁ። ብረት እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ቤታችን የምታውቀው ቤት አይደለም። ጦርነቱን ከካርቱም የሸሹ ሦስት ቤተሰቦች ግቢውን ተጋርተውኛል፤ የሥራ ጠረጴዛህ ላይ ልጆች ይተኛሉ። ጎንደር ያለችው እህቴ “ነይ” ትለኛለች። አውቶቡሱ ግን ከድንበሩ በፊት ካለችው ዶካ ወዲያ አያልፍም፤ ቢያልፍም ከድንበሩ ማዶ ተኩስ ነው። በምዕራብ፣ በካርቱም በኩልም ያው ጦርነት ነው። ሻንጣዬን አሥር ጊዜ አስሬ አሥር ጊዜ ፈትቼዋለሁ። አስተማሪ ነበርኩና ልጅ ፊደል እስኪለይ መጠበቅ አውቃለሁ፤ የዚህኛው ጥበቃ ማብቂያ ግን አይታየኝም።

ባለፈው ሳምንት ኢድሪስ መጣ፤ የመጨረሻውን ቫዮሊን፣ እነሱ ከመንጃ የሚሉትን፣ የሠራህለት ያ ጎረምሳ። ዛሬ ሽበታም ነው። በጭነት መኪና ሲሸሽ መንገዱ ከመንጃውን አናግቶ፣ ውስጡ የምትቆመው ያለቀ እርሳስ የምታክል እንጨት ወደቀች። ድምፁም ሞተ። ሐሙስ የልጁ ሰርግ ነበር፤ ከንብረቱ የተረፈው ይኸው ከመንጃ ብቻ ስለሆነ፣ በእሱ ሊጫወትላት ቃል ገብቷል።

“ያ ኡስታዛ፣ አንቺ አስተማሪ፣ የባለሙያ ልጅ አይደለሽም? በሙጫ ለጥፊያትና ገላግይን!” አለኝ።

በአገርህ በጣልያን ቋንቋ የዚያች እንጨት ስም “ነፍስ” ነው። አባትህ በቫዮሊን ሠሪዎቿ በታወቀችው ክሬሞና ያስተማረህን ሙያ ይዘህ በወታደርነት መጣህ፣ ጎንደር ቀርተህ እናቴን አገባህ፣ ኋላም ከእኛ ጋር ተሰደድህ። የስደተኞች ካምፕ ሳለን አንድ ቀን “ነፍስ ወጣች! ነፍስ ወጣች!” እያልክ ከድንኳን ብትወጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ። ከመንጃውን አሳየሃቸው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ “ለእንጨት ነው እንባዬን ያስጨረስከኝ? አንተ ጣልያን!” ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታችህ። እኔም “ወጣች አይባልም፣ ወደቀች በል” ብዬ አረምኩህ።

ለምን በሙጫ እንደማትለጥፋት ስጠይቅህ፣ “ነፍስ አትለጠፍም። በሁለት ሳንቃ መሃል ተጨንቃ ትቆማለች። ካልተጨነቀች ድምፅ የለም” አልክ። ያንንም አረምኩ። “እንጨት አይጨነቅም፤ የሚጨነቅ ሰው ነው” አልኩህ። ሳቅክና ሥራህን ቀጠልክ።

ሙጫውን አላነሳሁም። ነፍስ የምታቆምባትን የተጠማዘዘች ብረትህን በከመንጃው ፊት ባለው ጠባብ ቀዳዳ አሾልኬ፣ በትምህርት ቤት ማስመሪያዬ እየለካሁ ሞከርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ወደቀች። በአሥረኛው ቆመች። ኢድሪስ ክሮቹን ወጥሮ ቀስቱን አንድ ጊዜ ሲስብ፣ ጠረጴዛህ ላይ የተኙት ልጆች ተነሥተው ተቀመጡ።

ሐሙስ ለልጁ ተጫወተላት። እኔ ከኋላ ቆሜ ድምፁን ሳይሆን የውስጡን ሰማሁ፤ ያቺ ትንሽ እንጨት ከላይም ከታችም ተይዛ፣ መውጫ አጥታ፣ ቆማለች።

መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። ብረትህን ግን ከሻንጣዬ አውጥቼ ጠረጴዛህ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ነፍሱ የወደቀች ከመንጃ ያለው ሁሉ ወዲህ ይምጣ ብያለሁ። በማቆማት በእያንዳንዷ ነፍስ አስታውስሃለሁ። ያን እርማቴንም ሰርዣለሁ፣ አባባ፤ “ተጨንቃ” ያልከው ልክ ነበር።

ልጅህ