ስፋትና ጥፋት

ጥቅምት 4

ደህና ቀን ነበር። አዲሶቹ ሠልጣኞች ዛሬ ማሽን ክፍል ገቡ። ሁሉም ጎልማሶች ናቸው፤ ልጆች ያሏቸው፣ ሥራ የለቀቁ፣ ሥራ የለቀቃቸው። እንደ ልማዴ በሩ ላይ አቁሜ «አትፍሩ፣ ማሽን ሰው አይበላም» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ክቡን መጋዝ አስነሳሁት፤ ሳቁ ቆመ። ሁሌም እንዲህ ነው። ምኑ እንደሚያስደነግጣቸው ግን ገብቶኝ አያውቅም… እንደ ንብ እም ከማለት በቀር ምን አለው?

አንዷ ሰማያዊ ሻሽ ታስራለች። ሰው ቤት ስታጸዳ የኖረች ናት። ጣውላውን ስትገፋ እጇ ፈጽሞ አልተንቀጠቀጠም፤ ቀጥ አድርጋ ሰነጠቀችው። ለራሴ «ባለሻሿ» ብያታለሁ። አንድ ወንበር ሠሪ ቤት ሰርተፊኬቷን ስትይዝ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል አሉ። ወይም እንደዚያ ያለችኝ መሰለኝ። የአቧራ ጭምብል አድርጋ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ጫማዬን አየሽው?» ይለኛል፤ «ምኑ ጨመረ?» እለዋለሁ። «ጆሮሽን ለማን አበደርሽው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሬዲዮውን ግን ቀነሰብኝ። ጎረቤት ዜና የሚሰማው ከእኛ ቤት ነው አለ።

ጥቅምት 7

ኃላፊያችን አስተማሪዎቹን በሙሉ ሰበሰበን። የአስተማሪዎች ሥልጠና መጥቷል። ጎልማሳ የሚያስተምር ሰው ራሱም መማር አለበት ተባለ… መጽሐፍ፣ ቪዲዮ፣ መልመጃ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችን ስናስተምር በካሜራ እንቀረጻለን፤ ከዚያ ተሰብስበን እናየዋለን። የብየዳው አስተማሪ አጉረመረመ። እኔ እንዲያውም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ምኑ ያስፈራኛል?

ከምሳ በኋላ መጽሐፉን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ፦ «ጠይቅ። ዝም በል። ሠልጣኙ ያለውን መልሰህ ንገረው።»

መልሰህ ንገረው?

ክው አልኩ። እኔ ስናገር ነው የኖርኩት። የሚናገር አስተማሪ መስማት አያስፈልገውም፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ጎበዝ» ማለት ይበቃዋል። ያልሰማሁትን ስንቴ «ጎበዝ» ብያለሁ?

እዚህም ላይ ጽፌው አላውቅም። ይኸው ልጻፈው። ጆሮዬ እየሄደ ነው።

የቀለሙ አስተማሪ ዓይኑ ደከመ ተብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የገባው። ብሩሽ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ስናልፍ ሰላም እንለው ነበር፤ እሱ ግን ማን እንደሆንን በድምፃችን ነበር የሚለየን። እኔ በምን ልለይ?

ጥቅምት 11

እኛን የምታሠለጥነው መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት፣ ደግሞ ወይ ዕድሌ… ድምጿ ከትንፋሿ አይበልጥም። ስሟን ሹክሹክታ አልኳት። ከንፈሯን ለማየት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ታወራለች! ከሰው ጀርባ ምን ይነበባል?

ለመልመጃ ሁለት ሁለት ሆነን ቆምን። የኤሌክትሪኩ አስተማሪ ሠልጣኝ ሆነ፣ እኔ አስተማሪ። መሃላችን አንድ ጣውላ። አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዝም አልኩ፣ ደንቡ ነውና። ከዚያ መልሼ «ጥፋቱ ምን ያህል ነው ነው ያልከኝ?» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ስፋቱ ነበር ያለው። የጣውላው ስፋት።

«አይ አንቺ! ቀልድሽ መቼም አይለቅሽ!» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። ቀልድ መሰላቸው። አብሬያቸው ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ… ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር። ሹክሹክታ ብቻ አልሳቀችም። ትኩር ብላ አየችኝ። አወቀችብኝ እንዴ?

ጥቅምት 12

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔው ለጎረቤት ወሬም ባዳ ሆነ።

ጥቅምት 15

ብልሃት አበጀሁ። «የሚናገር ሰው ጭምብሉን ዝቅ ያድርግ፤ ጨዋነት ነው» አልኳቸው። እሺ አሉ፣ አስተማሪ ካለች መቼም። ሰጋቱራው ክፍሉን ሞልቶት እነሱ አፋቸውን ገልጠው ይስላሉ። አፈርኩ። ከንፈራቸውን ግን አየሁ።

እንዲህ እያልኩ እስከ መቼ?

ጥቅምት 18

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ባለሻሿ መጋዙ ላይ ነበረች። ትንሽ ቁራጭ በምላጩና በመደገፊያው ብረት መሃል ተቀረቀረ። እኔ ከማዶ ነኝ። ጭምብሏን አላወረደችም፤ ሁለቱም እጇ ጣውላው ላይ ነው፣ በምን ታውርደው? ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። «ላስፋው?» ነው የሰማሁት። ክፍተቱን ላስፋው ወይ? ክፍተቱ ደግሞ ልክ ነበር፤ ራሴ ነኝ የለካሁት። «ተይው፣ ልክ ነው፣ ቀጥዪ!» አልኳት። በሙሉ ልብ።

ቀጠለች። አስተማሪዋ ቀጥዪ ብላታለች። ምላጩ እየዞረ እጇን ወደ ቁራጩ ሰደደች…

እጅጌዋን ነው የያዘው። የጋዋኗን እጅጌ ብቻ። እንዴት ሮጬ ቀዩን ማጥፊያ እንደመታሁት አላውቅም። እጇን ይዤ ገለበጥኩት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። አሉ። ሁሉም አሉ። ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ።

«ላጥፋው ወይ ስልዎት ቀጥዪ አሉኝ እኮ፣ ቲቸር» አለችኝ። አሁን ጭምብሏ ወርዷል። ከንፈሯን አየሁት።

ላጥፋው።

ስ እና ጥ። አንዲት ፊደል ናት እኮ! ለዚያች ፊደል የሰው እጅ ሊሄድ ነበር።

ጥቅምት 19

ኃላፊው ጠራኝ። ተቆጥቷል። «ማሽን ሳታጠፋ እጇን የምትከት ሠልጣኝ ሰርተፊኬት አልሰጥም። ከማሽን ክፍል ትውጣ። ነገ ሌላ ቦታ ሄዳ ጣቷ ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል?» አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ጠይቃሽ ነበር?»

«ጫጫታ ነበር» አልኩት።

ጫጫታ ነበር! ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ምላሴ እንዴት ፈጠነ?

ስወጣ በመስኮት አየኋት። ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ትሰፋለች። ቀና ብላ እጅ ነሳችኝ። አልተቀየመችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ጥቅምት 20

እሑድ። ባለቤቴን «ከኋላዬ ቁምና ቃል ጥራ፤ እኔ መልሼ ልበል» አልኩት። «ደግሞ ምን አመጣሽብኝ?» እያለ ቆመ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። «ጸጉር» አለኝ፤ «ጉድ» አልኩት። «እውነትም ጉድ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እያነሰ ሄደ። በኋላ ጭራሽ ዝም አለ መሰለኝና ዞር አልኩ።

ዝም አላለም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ስሜን ነበር የሚጠራው።

ሰውዬው ቀልድ አቆመ። ያን ጊዜ ነው የምሬን የፈራሁት።

የባለሻሿን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩለት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ንገሪያቸው» አለኝ።

«ከማሽኑ ያወጡኛል።»

«የሰው እጅ ከሚወጣ አንቺ ብትወጪ አይሻልም?»

የታጠበውን ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ። እሱም እያነሳ ያቀብለኝ ጀመር፤ አብረን አጠፍን።

ጥቅምት 22

ትናንት፣ ነገ እነግራለሁ አልኩ። ነገ ዛሬ ሆነ። አልነገርኩም።

ጥቅምት 24

የኔ ተራ ነበር። ካሜራው ጥግ ላይ ቆሟል፣ ሹክሹክታ ከጎኑ፣ ኃላፊው ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ሠልጣኞቹ መጋዙን ከበው ቆመዋል። ባለሻሿንም አስገብተዋታል፤ ቁጥር እንዲሞላ ብቻ፣ ማሽን እንዳትነካ። ጋዋን አልለበሰችም። ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

ልቤ ድው ድው ይላል። ያን ግን እሰማዋለሁ፣ ይገርማል።

ያዘጋጀሁት ጥያቄ ስለ እንጨት ዓይነት ነበር። መልሱን አስቀድሜ ስለማውቀው ማንም ምንም ቢል እመልሰዋለሁ ብዬ። አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ። «ምላጩ እየዞረ ቁራጭ ቢቀረቀርባችሁ አስተማሪያችሁን ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?»

ጠየቅኩ። ዝም አልኩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ዝም ማለት እንዲህ ይረዝማል እንዴ? ኃላፊው እግሩን አነባበረ… ከዚያ ከኋላ ሻሿ ተነቃነቀ። አንድ ነገር ብላለች። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። መልሼ መንገር አለብኝ።

ግማሽ ግማሽ ዕድል ነበረኝ። ከሁለቱ አንዱ ነው። «ላጥፋው» ብል ልክ እሆናለሁ፣ ያልፋል፣ ማንም አያውቅም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አልኩ። «ላስፋው ነው ወይስ ላጥፋው?»

ሻሿን ከአፏ አወረደች። «ላጥፋው ነው ያልኩት፣ ቲቸር።»

«ያን ለትም ያልሺኝ ይህንኑ ነው። ጠይቀሽኛል። እኔ ላስፋው መስሎኝ ቀጥዪ አልኩሽ። ጆሮዬ አይሰማም። ከጀመረው ቆይቷል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ካሜራው ይቀርጻል። ኃላፊውን ማየት ፈራሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ወይ እንባ ነው… ሹክሹክታ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። ያልሰማሁ መሆኔን አየች። መጋዙን ዞራ መጣችና ፊቴ ቆማ፣ ከንፈሯን እያሳየች ደገመችው። «ትምህርቱን ይቀጥሉ» ነው ያለችው።

ቀጠልኩ። ምን እንዳስተማርኩ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ጥቅምት 28

ኃላፊው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሰው ቢሞትስ ኖሮ?» ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቴን እያየ። ባለሻሿ ወደ ማሽን ክፍል ተመልሳለች። እኔ ወጥቻለሁ። ሐኪም ያለው ታይቶ ይወሰናል። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ከቁልፎቼ መሃል ፈልቅቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

የጆሮ ሐኪሙ ጠባብ ክፍል አስገብቶኝ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ገጠመ። ስትሰሚ እጅሽን አንሺ አለኝ። ተቀመጥኩ፣ ጠበቅኩ። ገና አልጀመረም ብዬ በመስታወቱ ሳየው፣ መሣሪያውን እየነካካ ነው፣ እየነካካ… ለካ ብዙ አልፎኛል።

ቀጫጭኑ ድምፅ ነው የሄደብሽ አለኝ። ስ፣ ጥ፣ ፍ፣ ጭ… ወፍራሙ ቀርቶሻል። የመጋዙ ጩኸት ነው የበላው። ጆሮዬን ሳልሸፍን ስንት ዘመን… ለሠልጣኞቼ መሸፈኛ እየሰጠሁ፣ እኔ ለምጄዋለሁ እያልኩ! የሄደው አይመለስም፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማጉያ ይረዳሻል አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ጻፈልኝ።

ጡረታ የወጣውን የቀለም አስተማሪ አሰብኩት። ዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም።

ኅዳር 19

ማጉያው ከመጣ ጥቂት ቀን ሆነው። ቤታችን ለካ እንዲህ ያቃጭላል! ማንኪያው፣ ፌስታሉ፣ የባለቤቴ ነጠላ ጫማ። ሬዲዮውን ራሴ ቀነስኩት። «ጎረቤት አሁን ዜና ከየት ሊሰማ ነው?» አለ።

ዛሬ ማሽን ክፍል መለሱኝ። እስኪያምኑኝ ብቻዬን አይደለሁም፤ የኤሌክትሪኩ አስተማሪ ቀዩ ማጥፊያ አጠገብ ይቆማል። ደንብ አወጣን። ምላጩ እየዞረ ንግግር የለም፤ እጅ ከተነሳ ይጠፋል። ሲጠፋ እንነጋገራለን፣ የተባለውም ተመልሶ ይነገራል። ሹክሹክታ ይህን ለሌሎቹ አስተማሪዎች ልታስተምርበት ቪዲዮዬን ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት።

አዲሶች ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ባለሻሿ መጋዙ ላይ ናት፤ ልታሳያቸው። እጅጌዋ ላይ ስፌቱ ይታያል። ማሽን ሲነሳ ማጉያውን አውጥተሽ መሸፈኛ አድርጊ ብሎኛል ሐኪሙ። አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው ብዬ…

አስነሳችው።

ወዲያውኑ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ግድግዳው ነው የያዘኝ። እንደ ንብ አልነበረም። አውሬ ነው፣ ጥርስ ነው፣ ይጮሃል፣ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ይጮህ ነበር! እነዚያ ሁሉ ሰዎች ይህን እየሰሙ ነው «አትፍሩ» ስላቸው የኖርኩት?

ባለሻሿ አየችኝ። ደንቡን ረስታ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ «ላጥፋው?» አለች።

ሰማኋት። ጥን ሰማኋት። ወይ ከንፈሯን አይቼ ይሆናል፣ አላውቅም። እጄን አነሳሁ። አጠፋችው። ምላጩ እስኪቆም ጠበቅኩና «ላጥፋው ነው ያልሽኝ?» አልኳት።

«አዎ፣ ቲቸር።»

ወደ አዲሶቹ ዞርኩ። የለመድኩት ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ማሽን ሰው አይበላም ልል። ዋጥኩት።

«ፍሩት» አልኳቸው። «እኔም እፈራዋለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ መሸፈኛውን አደልኳቸው፤ መጀመሪያ ለራሴ አደረግሁ።