ችሎት ያልቀረበው ጌም

ወንድምዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ሞተር ላይ ስትውል የሚቆረጥምህ ወገብህስ ለቀቀህ? ያለህበት ቦታ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል? ሹራብህን ሳትይዝ ነው የሄድከው። እማዬ አጥባ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ አንዳንድ ቀን አውጥታ እንደገና ታጥበዋለች፤ መንገደኛ ብታገኝ የምትልክልህ ነው የሚመስለው። እንቅልፍህስ እንዴት ነው? የኔን ማንኮራፋት ሳትሰማ ደህና ትተኛለህ?

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከናፍቆትህና ከቅናት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ሁሉም ያውቅልኛል፤ መምህሮቼም፣ ጎረቤቶችም ፊቴን አይተው ይረዱኛል። ቅናቱን ግን ለማን ልንገር? በሞተ ወንድሙ ጓደኛ የሚቀና ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ይኸው፣ እኔ ነኝ።

ሞተርህ በዝናብ ተንሸራቶ ካጣንህ ወዲህ ቤታችን ሰው በሰው ሆኖ ነው የሰነበተው። ከየጎረቤቱ የመጡት ወንበሮች አልበቁ ብለው ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ይቀመጥ ነበር። የመጣው ሁሉ ስለ አንተ ያወራል። አለቃህ «ዕቃ አዘግይቶብኝ አያውቅም» አለ። አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ መድኃኒት ስታደርስላቸው አምፖል ቀይረህላቸው እንደሄድክ ተናገሩ። ሁሉም የየራሱን አንተ ይዞ መጣ። እኔ ጥግ ይዤ ስሰማ፣ የኔ የሆነ ርስት ፊቴ ላይ ሲከፋፈል የማይ መሰለኝ።

ከሁሉም የባሰው ግን ካቻቢቴ ነው። ያ ስልክ ጠጋኙ ጓደኛህ፣ የሸሚዝ ኪሱ ያለ ካቻቢቴ ታይቶ ስለማያውቅ ስም ያወጣህለት። እንዴት እንዳለቀሰ ብታይ! ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሱን ደግፎ ያዘ፣ ውሃ አጠጣ። «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ» የሚባለው ትዝ አለኝ። ወንድሙ የሞተው የኔ ነው እኮ! በኋላ እማዬ ሻይ በአንተ ኩባያ ቀድታ «ጠጣ ልጄ» ስትለው ጥርሴን ነክሼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። የጌም ማሽናችን ሃርድ ዲስክ ተቀየረ። ያ ሁልጊዜ «ቦታ የለም» እያለ የሚያለቃቅስብን። አዲስ ጌም ለማስገባት አሮጌ ማጥፋት ግድ ስለነበር እሑድ እሑድ የምናስችለውን ችሎት ታስታውሳለህ አይደል? ሚጣ የእማዬን ጥቁር ሻርፕ ደርባ ዳኛ፣ አንተ ከሳሽ፣ እኔ ጠበቃ። ሁሌም የሚፈረድበት የኔ ጌም ነበር። እህታችን ከችሎቱ በፊት ያንተን ከረሜላ እንደምትበላ እያወቅሁ ይግባኝ የምልበት አልነበረኝም። የመኪና ውድድሬ ጠፋ። የእርሻ ጌሜ ከነላሞቹ ጠፋ። ከሁሉም በላይ ቦታ የያዘው ጌም ግን አንድም ቀን ችሎት ቀርቦ አያውቅም፤ ያ ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው በረዶ የለበሰ ተራራ የሚወጡበት። ስጠይቅህ «እሱ የትልልቅ ሰዎች ነው፣ አይነካም» ብለህ ታልፈኝ ነበር። ለሁለት ሰው የተሠራ ጌም ነው። እኔ ካልነበርኩ ሁለተኛው ማን ነበር?

ሰው እየቀነሰ ሲሄድ አንድ ቀን ካቻቢቴ አዲስ ሃርድ ዲስክ በካርቶኑ ይዞ መጣ። የድሮውን አራት እጥፍ የሚይዝ ነው። አንተ ገዝተህ እሱ ጋ እንዳስቀመጥከው ነገረን። ለምን እሱ ጋ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «አንተ ጋ ቢያስቀምጠውማ ፈተናህን ጥለህ ማሽኑን ትበታትነዋለህ ብሎ ነዋ!» አለኝ። እማዬ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያሳቃት እሱ በመሆኑ አንገበገበኝ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልንቀይረው ተቀጣጠርን። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት የተጫወትንበትን ሁሉ፣ የት የት እንደደረስን የያዘውን ማለቴ ነው፣ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ያስፈልግ ነበር። ያንተን ስምና ያንን የአውራ ዶሮ ሥዕልህን ከፍቼ ዝርዝሩን ሳወርድ የተራራው ጌም መጣ፤ አሥራ ስምንተኛ ደረጃ ይላል። ካቻቢቴ ከሶፋው ተነሥቶ «ይኸውልህ! ሁለት ደረጃ ነበር የቀረን!» ብሎ ጮኸ። የቀረን! እንግዲህ ሁለተኛው ሰው እሱ ነበር። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ፣ ደብተር ይዤ ስወጣ እሱ ይገባል፤ ስመለስ ማሽኑ ጠፍቶ ትጠብቀኛለህ። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልክም።

ካቻቢቴ እማዬን ሊያግዝ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ የሚገለበጡት ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። የእግር ኳሳችን ላይ፣ የሚጣ ሥዕል መቀቢያ ላይ፣ የሁሉም ላይ አደረግሁ። የተራራው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም፤ አውቄ ነው።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈን ማሽኑን ገለበጥነው። እሱ ብሎን ይፈታል፣ እኔ መመሪያውን አነባለሁ። ማራገቢያው ላይ የነበረው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። አዲሱ ገብቶ ተገጣጠመና ስናበራው ማሽኑ እምቢ አለ። ካቻቢቴ ከሱቁ አውርዶ ያመጣው ሶፍትዌር ማደሻው ብቻ ነበር፤ ባዶ ዲስክ ደግሞ ሙሉውን ነው የሚፈልገው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለና «ስልክ ቢሆን ኖሮ እኮ...» እያለ ጭንቅላቱን ያክ ጀመር። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ቅቤ ነው የጠጣሁት። ሙሉውን እኔ አወረድኩት፤ ማሽኑም ተነሣ፤ አውራ ዶሮህም ተመልሶ ብቅ አለ።

ካቻቢቴ ሲሄድ አሮጌውን ዲስክ በእጁ ይዞ «ይቺን ለኔ ስጠኝ፤ ሱቅ ያለው ማሽኔ ከናንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነገ እከታትና ሁለቷን ደረጃ እጨርስለታለሁ» አለኝ። የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር፤ ጠዋት አንብቤዋለሁ። ማሽን ዲስኩን በራሱ ቁልፍ ነው የሚቆልፈው። ሌላ ማሽን ውስጥ ሲገባ «ይሄን አላውቀውም፣ ልጥረገው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልከው ያለውን ሁሉ ይጠርገዋል። ይህን እያወቅሁ «ውሰድ» አልኩት። ለኔ ያልተሰጠኝ ለሱም አይሁን፤ በገዛ እጁ ያጥፋው። እማዬ ይህን ቸርነቴን አይታ ራሴን ዳበሰችና «ተባረክ የኔ ልጅ፣ ልበ ሰፊ» አለችኝ። እንዲህ የሚወጋ ምርቃት ተመርቄ አላውቅም።

ደብዳቤ በሰላምታ ነው የሚያልቀው፤ እኔ ግን የቀረውን ከጻፍኩ በኋላ ሰላምታ የሚወጣኝ አይመስለኝምና አስቀድሜ ላድርስልህ። እማዬ በጣም አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ ምግብ በደንብ ትበላ እንደሆነ ጠይቅልኝ ባትለኝም ዓይኗ ይላል። ሚጣ ሰላም ብላሃለች፤ ጥርሷ ወልቋል፣ አንተን ሳላሳይ አልጥልም ብላ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣዋለች። ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ፣ «ይህ ሞተርህ ያደነቁረኛል» ሲሉህ የነበሩት፣ አሁን ማታ ማታ ጆሯቸውን ጥለው እንደሚጠብቁ ነግረውኛል። እሳቸውም ሰላም በልልኝ ብለዋል። አለቃህ የራስ ቁርህን መልሶልናል። ሁላችንም አለን።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ቅዳሜ ነበር። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ተመለሰች፤ ሚጣን አክስታችን ወሰደቻት። በሩ ተዘጋና ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ብቻዬን ስሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን ታጠብኩ፣ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ያንተን ግን ሳይነጠፍ እንዳለ ትቼ ወጣሁ። ማሽኑን አበራሁ። ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው ብታይ! የከሰስክብኝን ጌም ሁሉ መልሼ ብከት እንኳ አይሞላም። ያንተን ዝርዝር ወደ ታች አወረድኩ፣ ወደ ላይ አወጣሁ። የተራራው የለም። እንግዲህ ጠላቴን አሸንፌያለሁ፣ ይበለው ልበል ብዬ ብጠብቅ ልቤ አልል አለኝ። አሥራ ስምንት ደረጃ ወጥተሃል፤ እኔ አንዱንም ስትወጣ አላየሁህም። ካቻቢቴ እሺ ብሎ ከተጫነው መቼም አላይህም። ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። እሱ አይቶህ እኔ ሳላይህ መቅረቴ ነው ያስነሣኝ። ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ ሮጥኩ።

ሱቁ ስደርስ ስልኳ ውሃ ውስጥ ከገባባት ሴትዮ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር። ማሽኑ ባንኮኒው ላይ፣ ያንተ ዲስክ ሆዱ ውስጥ፣ ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ጥያቄው ተጽፎ ቆሟል። እሱ ጆይስቲኩን በአንድ እጁ እንደያዘ «አንቺ ሩዝ ውስጥ ቅበሪው ያለሽ ማነው? ይሄ ደግሞ ምን ይለኛል፣ እሺ ነዋ!» ሲል ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ሴትዮዋ ደንግጣ «ይህን ልጅ ውሻ ነክሶታል እንዴ?» አለች። ካቻቢቴ «አበድክ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ነገርኩት። ምልክት ያላደረግሁበትን፣ ዲስኩን ስሰጠው የማውቀውን፣ እማዬ የመረቀችኝን ሳይቀር። ሴትዮዋ ስልኳን ረስታ ታዳምጣለች። እሱ «ምቀኛ!» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንተ ነህ በኔ የምትቀናው? ጫፍ ስንደርስ ‘በቃ፣ ትንሹ ሊመጣ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የሱ ነው’ ብሎ ያጠፋብኛል። ፈተና ሲደርስብህ ‘ላስጠናው’ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይቀራል። ባንተ ምክንያት እኮ ነው ያልጨረስነው!» አለኝ። ሴትዮዋ «በሉ ታረቁ» ብላ ስልኳን ትታልን ሄደች።

ዲስኩን አውጥቶ ሱቁን ዘጋና አብረን ወደ ቤት መጣን። አሮጌውን ዲስክ ወደ ራሱ ማሽን መለስን፤ ወዲያው አወቀው። የተራራውን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ በዚህኛው ዙር ምልክቱን ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ካቻቢቴ ሶፋው ላይ ያለማንም ጋባዥ ተመቻቸና «የሱን ሰውዬ አንተ ያዝ» አለኝ።

አንድም ቁልፍ አላውቅም። እሱ ሁሉን ያውቃል። የትኛው ድንጋይ እንደሚናድ፣ የት ቆሞ ማረፍ እንደሚቻል፣ የት ላይ እንደምትሳደብ። በእያንዳንዱ እርምጃ ቀናሁበት። የበረዶ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰውዬህ ከእጄ አመለጠና ወደቀ፤ ገመዱን ካቻቢቴ ያዘው። ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እሱም እዚህችው ላይ ነበር የሚወድቀው» አለኝ። ያን ጊዜ አንተ ምን ትል እንደነበር ጠየቅሁት። ረጅም ነው አለኝ። ይርዘም አልኩት። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ነገረኝ። እማዬ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ እሱ ሲነግረኝ፣ እኔ «ከዚያስ?» ስለው ዋልን።

ትንሹ ወንድምህ
ከቤታችን ሳሎን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ