የአራተኛው ሰው ሸምበቆ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጠዋት ካሴት፣ ከሰዓት ካሴት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰው ዘፈን መስማት… ማን ዘፈነ፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ ጭብጨባ አለው የለውም… መዝገብ ላይ ማስፈር። አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ የድምፅ ማኅደር። ባሌ፣ ቤት ስገባ የምጮኸው ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ተደፍኖ ስለሚውል ነው ይላል። ይበል።

ከሻይ ሰዓት በኋላ ግን ወሬ መጣ። መንደር ለመንደር እየዞረ የሚቀርጸው ባለሙያችን ወገቡ ተያዘ። የጫማውን ክር ማሰር እንኳን አቅቶት በሰው ተደግፎ ነው የሄደው። ጉዞው ተፈቅዷል፣ መኪናው ተመድቧል፣ ታዲያ ማን ይሂድ? ስብሰባው ላይ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እጄን አወጣሁ። ልክ እንደ ተማሪ። በዚህ ዕድሜዬ።

አለቃዬ የመጀመሪያ ልጄን በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ፈገግ አለና "እትዬ፣ ማሽኑን ነክተሽው ታውቂያለሽ?" አለኝ። ነክቼው አላውቅም። ግን የተበላሸ ቀረጻ ከኔ በላይ የሰማ ማን አለ? ንፋስ የገባበት፣ ዶሮ የጮኸበት፣ ማይኩ ከበሮ ሥር ተወትፎ ሴቶቹ የማይሰሙበት… አንድ በአንድ ነገርኩት። መሃል ላይ አልተነፈስኩም መሰለኝ። "እናስብበታለን" አለ። በዚህ ቢሮ "እናስብበታለን" ከተባለ አበቃ ማለት ነው። እንዲያው ግን…

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ተፈቀደልኝ!

የምሄደው አስራ አንዱ ሸምበቆ ነፊዎች ጋ ነው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፣ በጆሮዬ ግን ዘመዶቼ ናቸው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀረጸ አንድ ካሴት አለን። እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው አንድ ሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆው ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ሲነፋ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ እሱ ለሌላው… እንዲህ እየዞረ ከአስራ አንድ አፍ አንድ ዜማ ይወጣል። ስንት ቀን ምሳዬን ትቼ ሰምቼዋለሁ። ካሴቱ ግን እያረጀ ነው፤ መጨረሻው አካባቢ ድምፁ እየሸሸ ሄዷል።

አለቃዬ ፊት ለፊት ነገረኝ። ሙሉውን ቡድን፣ ሙሉውን ዜማ ይዤ ከመጣሁ የቀረጻው ሥራ የኔ ነው። ካልሆነ ወደ መደርደሪያዬ። ሁለተኛ እንዳላነሳውም ጭምር። ደግሞ አንድ ትእዛዝ ጨመረ፣ ድምፁ ጥርት እንዲል እያንዳንዱን ለብቻው ቅረጪ አለኝ። ሥልጠና ላይ የተማረው ነው።

ባለሙያው አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልክ ሁለት ሰዓት አስተማረኝ። ልጄ የድሮውን ካሴት ስልኬ ላይ ገለበጠችልኝ። ባሌ "ስትሄጂ ቤቱ ጸጥ ሊል ነው" አለ። ደስ ብሎት ነው ከፍቶት? አልጠየቅኩትም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

መንገድ ላይ ዋልን። ሹፌራችን እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው። ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ነፊዎቹ ሳንደርስ ያረጃሉ ስለው "አርጅተዋል እኮ" አለኝ። መቅረጫው ጭኔ ላይ ነው የመጣው። ከኋላ አልጫንኩትም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ምን ብዬ ልጀምር…

ደረስን። የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተፈቀደልን። ሽማግሌዎቹ ሸምበቋቸውን ይዘው መጡ፣ ሳቂታዎች፣ ተረበኞች። መሪያቸውን "ሊቀመንበር" ነው የሚሉት፤ ስብሰባ ስለሚወድ። እንደታዘዝኩት ለየብቻ ልቅረጽ ብዬ ሊቀመንበሩን አስቀመጥኩ፣ ማይኩን አስተካከልኩ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። አንዴ "ቱ" አደረገና ሸምበቆውን አስቀመጠ።

"ይቀጥሉ እንጂ አባባ።"

"የኔ ይኸው ነው። ጨረስኩ።"

ሁለተኛውም አንዴ ነፍቶ ተነሳ። ሦስተኛው "ደግሜ ልንፋልሽ? ያው ነው" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እነሱም ሳቁ፣ ሹፌሩም ሳቀ። አስራ አንድ ፋይል ይኖረኛል ብዬ ነበር… ያገኘሁት አስር "ቱ" ነው። አስር። ያኔ ነው የቆጠርኳቸው።

ከካሴቱ እንደማውቀው የጎደለው ከሦስተኛው ቀጥሎ የሚገባው ነው። አራተኛው የታሉ አልኳቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ነፍተው አያውቁም። ለካ የመጡት እንግዳ ላለማሳፈር ነው።

አስራችሁም ብትሆኑ ይሁን፣ ንፉልኝ ብዬ ለመንኩ። ሞከሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አምስተኛው ሰውዬ ሸምበቆውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። "እሱ ሳይነፋ እኔ በምን ልግባ?" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት እነሱ ራሳቸው ከማን ቀጥለው፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚገቡ ብቻ ነው። የሟቹን ቦታ የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነበር። የወንድሙን ልጅ አስገብተው ሞክረው ነበር፣ ቦታውን የሚያሳየው ሰው ጠፋና ተጣልተው ተበተኑ።

መደርደሪያዬ ፊቴ ድቅን አለ። ግን ቆይ… ቦታውን የሚያውቅ የለም አሉ እንጂ፣ እኔስ? እኔ አውቀው የለም እንዴ?

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ጠዋት ሟቹ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ክፍሉ ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር። ሸምበቆው ከበሩ ኋላ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ቆሟል። እኩያዬ መስላኝ ነበር፣ በአስር ዓመት ትበልጠኛለች። ቢሆንም አንቺ ተባብለን ገባን፣ አልቆየንም።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላትና ካሴቱን ከፈትኩ። ዜማውን ታውቀዋለች፣ ለስንት ዓመት ከሰው ጋር ቆማ ሰምታዋለች። የባሏን ድምፅ ግን ከመሃሉ ለይታ አታውቅም። ጉልበቷን ነካ እያደረግኩ፣ እሱ በገባ ቁጥር መታ፣ መታ… አንዴ ዞሮ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያዘችው። መቀሷን አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ "እዪው፣ እዚህም ዘግይቶ ነው የመጣው" አለች።

እውነት ነው። አራተኛው ሰው ከሌሎቹ በዓይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል። መዝገብ ላይ "አራተኛው ትንሽ ደካማ" ብዬ ጽፌበት ነበር። አፈርኩ። እሷ ለሰርጋችንም ዘግይቶ ነው የደረሰው፣ አጎቴ ሊመታው ነበር አለችኝ።

ከዚያ ዝም ብዬ ሸምበቆውን አየሁት። እሷም አየችው። አንቺ ለምን አትነፊውም አልኳት። ስቃ ስቃ መኪናዋ ላይ ተደፋች። ሲበቃት ግን ተነስታ የጠቀለለችውን ፈታችው። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ የጥጃ ድምፅ። ቀጥሎ… ወጣ! ጎረቤቷ በአጥር ብቅ ብላ "ምን ሆናችሁ?" አለችን።

ሽማግሌዎቹ ጋ ቀላል አልነበረም። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ፣ እንዴት ይቅርበት። ሴት ነፍታ አታውቅም አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ጠይቃ የተከለከለች አለች ወይ አለው። መጨረሻ ላይ የቆረጠው አምስተኛው ነው። "እኔ አፌን ከፍቼ ከምቀር ማንም ይንፋልኝ" አለ። ነገ ጠዋት ተባለ። ነገ የመጨረሻ ቀናችን ነው፣ መኪናው ከነገ ወዲያ ይፈለጋል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አንድም እንዳይቀርብኝ።

ዛሬ በመስመር አላስቀመጥኳቸውም። አንዱ የሌላውን ደረት ማየት አለበት፣ ትንፋሹን እንዲያይ። በክብ አስቀመጥኳቸው። ማይኩን ከክፍሉ ማገር በገመድ አንጠልጥዬ መሃላቸው አወረድኩት። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ገመዱን ያሰረው ሹፌሩ ነው፤ ለሥራ ሲሆን ፈጣን ነው ለካ።

እሷ አራተኛው ቦታ ተቀመጠች። ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እሷ… አምስተኛው ተደናቅፎ ገባ፣ ስድስተኛው ላዩ ላይ ወደቀ፣ ተበላሸ። እንደገና። ያው። ስድስቴ፣ ሰባቴ። አምስተኛው ላብ በላብ ሆነ። "ትፈጥንብኛለች" ይላል። እሷም ልኬን ነው የነፋሁት ትላለች። ሊቀመንበሩ በቃ ይቅር ብሎ ለመነሳት ጉልበቱን ያዘ።

ስልኬን አውጥቼ ጥግ ሄድኩ። ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁ… ለካስ ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ ልኳን ነው የገባችው። አምስተኛው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትንፋሹን የሚስበው ሟቹ በሚዘገይባት ቅጽበት ውስጥ ነው። እሷ ሳትዘገይ ስትገባ መተንፈሻ አጣ።

ተመልሼ ጆሮዋ አጠገብ ተንበረከክኩ። "እህቴ፣ ዘግዪ። ልክ እንደሱ ዘግዪ።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት አትዘግይ እያልኩ የጨቀጨቅኩትን ሰውዬ፣ ዛሬ እኔ ልዘግይለት?"

በክብ የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አምስተኛው እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀው። ከዚያ አፏን በመዳፏ ጠረገች፣ ሸምበቆውን አነሳች። ቀዩን ተጫንኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጠበቀች… ነፋች። አምስተኛው ትንፋሹን ሳበና ገባ። ስድስት፣ ሰባት፣ እስከ አስራ አንድ፣ ዞረ። እንደገና ዞረ። ፈጠነ። ግድግዳው የሚነፋ መሰለኝ። የሰፈሩ ሰው በየመስኮቱ ተደረደረ፣ ማንም ግን ድምፅ አላሰማም። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ ጸጥታውንም መቅረጽ ነበረብኝ፣ አስር ሰከንድ፣ ባለሙያው አደራ ብሎኛል። አልቻልኩም። እልል አልኩ። ከሆዴ ነው የወጣው። ከዚያ ማን ያስቁመን… መስኮት ላይ ያሉት ተቀበሉኝ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ቤቴ ገባሁ። ባሌ ቀረጻውን ቆሞ ሰማው። ከዚያ ተቀምጦ ሰማው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አለቃዬ ቢሮ ተሰበሰብን። ባለሙያው እንኳን ወገቡን በሻርፕ አስሮ መጥቷል። ለየብቻ የቀረጽሽው የታል ተባልኩ። እሺ ብዬ አስሩን "ቱ" አሰማኋቸው። አለቃዬ ጆሮው ቀላ። ልጅ እኮ ነው፣ አሳዘነኝ። ሳልቆይ ዋናውን ከፈትኩት።

ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ማንም ስልኩን አልነካም። ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይቆጥራል፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ፈገግ ይላል። መጨረሻው ላይ የኔ እልልታ ፈነዳ።

"ይሄ ማን ነው?" አለ አለቃዬ።

"እኔ ነኝ።"

"በጣም ቆንጆ ሥራ ነው። እሱ ግን ይቆረጥ።"

"አይቆረጥም" አልኩት። በዚህ ቢሮ አንድ ቀን እንኳን እምቢ ብዬ የማውቅ አይመስለኝም። ድምፄ ራሱ አስደነገጠኝ። ሦስት ዓመት ዝም ብለው የኖሩ ሰዎች እንደገና ነፉ፣ አንድ ሰው እልል ያለላቸው መሆኑ አብሮ ይቀመጥ፣ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ምን እንደተፈጠረ ይወቅ አልኩ። ከዚህም በላይ ብዙ ብዬ ነበር፣ ሁሉንም አላስታውሰውም።

አለቃዬ ባለሙያውን አየ። ባለሙያው "እኔ ብሆን እቆርጠው ነበር" አለ። ቀጠለና ደግሞ "እኔ ብሆን ግን ይሄንን ይዤ አልመጣም ነበር" አለ። ላለቅስ ነበር፣ ውሃ ጠጥቼ ሸፈንኩት።

አልተቆረጠም። መቅረጫው በኔ ስም ተመዘገበ። ሰኞ እንወጣለን፣ ሁለት መንደር ነው። የትኞቹ እንደሆኑ የመረጥኩት እኔ ነኝ።