እማዬ ያልረሳችው ቁጥር

ለውድ ወንድሜ ለአንሴልሞ፦

እንዴት ነህ ወንድሜ? የፑንታ አሬናስ ንፋስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኢቮን ደህና ናት? ልጃችሁ ማይቴስ ያ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀላት? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ቲማቲም ስለቅም እማዬ በሩን ከፍታ ወጣች። ሊማቼን ቤት ለቤት ብናስስ አጣናት። ባሌ ኤላዲዮ ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት ዋለ። ለካስ አውቶቡስ ተሳፍራ ላካሌራ ከተማ ገብታ ጤና ጣቢያ ተቀምጣለች።

ስሟን ቢጠይቋት አላወቀችውም። መዝጋቢዋ ዶኛ ኒዲያ የመታወቂያ ቁጥሯን ስትጠይቃት ግን (መቼም እኛ አገር መድኃኒት ስንገዛም የምንጠየቀው እሱን ነው) አሥራ አራት ሚሊዮን ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻዋ ፊደል እስከ ኬ ድረስ አንበለበለችው። ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለ።

ምክንያቱን ዶኛ ኒዲያ በኋላ አስረዳችኝ። የመጨረሻዋ ምልክት ዝም ብላ የተለጠፈች አይደለችም። ከቀኝ ጀምረህ አሃዞቹን በሁለት፣ በሦስት እያልክ እስከ ሰባት፣ ከዚያም እንደገና ከሁለት ጀምረህ ታባዛለህ፤ ደምረህ ለአሥራ አንድ ታካፍላለህ፤ ቀሪው ከአሥራ አንድ ሲቀነስ እሷ ትመጣለች። አሥር ከሆነ ኬ ይጻፋል። እማዬ ያለችው ሲሰላ ግን ሰባት ሆነ።

“ሁለት ጎረቤታሞች ቦታ ከተቀያየሩ ቁጥሩ ራሱ ያሳብቃል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነግርሽም” አለችኝ። እናም ጎን ለጎን ያሉትን ጥንድ በጥንድ እያገላበጠች ሞከረች። ሰባትና አራት የተባሉት አራትና ሰባት ሲሆኑ ኬ መጣ፤ ኮምፒዩተሩም እሺ አለ። የወጣው ስም ግን የወንድ ነው። ያንተ።

“እማማ፣ ይሄ የማን ቁጥር ነው?” ብትላት፣ እማዬ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ይዛ፣ “የልጄ ነዋ። ትኩሳት አለበት፣ ቶሎ አስገቡልኝ” አለቻት።

ከስምህ ጋር የተመዘገበው የድሮው የቤታችን ስልክ ስለሆነ፣ ከጤና ጣቢያው ሲደውሉ እኔው አነሳሁት።

አልዋሽህም፣ ቀናሁ። የማጎርሳት እኔ፣ ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የኔን ቁጥር አንዷን አሃዝ እንኳ አታውቃትም። ለገና ደውለህ “ማነህ አንተ?” ስላለችህ መደወል ማቆምህን አውቃለሁ። ለኤላዲዮ “ከረሳችኝ ምን ዋጋ አለው” ማለትህንም ሰምቻለሁ። አልፈርድብህም፤ እኔንም የምትለኝ “አንቺ ልጅ” ነው። አንተን ግን አልረሳችህም። ያን የትልቅ ሰው ድምፅህን ከየት ታውቀዋለች? እሷ ዘንድ አንተ ገና በትኩሳት የምትቃጠል ሕፃን ነህ።

ኢቮንን በርቺ በልልኝ፤ የማይቴን ጉንጭ ሳምልኝ። ኤላዲዮ ሰላም ብሎሃል፤ ናፍቆትህ በዝቶበታል። ለእማዬ ግን እሁድ ራስህ ደውልላት። ስምህን አትንገራት። የቁጥርህን መጀመሪያ ጥራላትና ዝም በል፤ ሌላውን እሷ ትጨርሰዋለች። ቢዛባባት አታርማት።

እህትህ ኦርቴንሲያ
ሊማቼ፣ ማርች 9 ቀን 2019